አዋሽ ባሕር አይደርስም፦ ኦርጋኒክ ሲንተሲስን ከአካባቢ ጋር ስለማስማማት

ከታላላቅ ወንዞች አብዛኞቹ ጉዟቸውን የሚፈጽሙት ባሕር ውስጥ ነው። አዋሽ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፤ ቆቃን፣ ወንጂንና መተሐራን ያልፋል፤ በአዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያም የገዋኔን፣ የዱብቲንና የአሳይታን ሜዳ እያጠጣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከሐይቁ የሚወጣ ሌላ ወንዝ የለም። ውሃው የሚለቀው በትነት ነው፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የመጣው ጨው ግን አብሮ አይተንም።

ይህ የመልክዐ ምድር ሐቅ ለኬሚስትሪ ተማሪ ልዩ ትርጉም አለው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል፤ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙባት የሞጆ ከተማ ወንዝም ወደ ቆቃ ይፈስሳል። በላይኛው ተፋሰስ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ መታጠቢያ ውስጥ የሚደፋ የክሮሚየም ጨው ወይም ክሎሪን ያዘለ ውሑድ በመጨረሻ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። በታችኛው ተፋሰስ ደግሞ ከዚያው ወንዝ የሚጠጡ፣ ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውንም የሚያጠጡ የአፋር አርብቶ አደሮች አሉ። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ወደ አገራችን የሚገባው ኬሚካል አብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል የሚያልፍ መሆኑ ነው። በርሜሉ በመንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ቆሻሻው በወንዙ ቁልቁል ይወርዳል።

ፍሳሽን ከወጣ በኋላ ማጣራት አንድ መፍትሔ ነው። አስፈላጊም ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ተጣርቶ የቀረው ዝቃጭም የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላውን መንገድ፣ ማለትም ቆሻሻው ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር ሲንተሲሱን ራሱን መለወጥን ነው። ይህ አስተሳሰብ «አረንጓዴ ኬሚስትሪ» ይባላል። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉት አሜሪካውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 መርሆችን የዘረዘሩለት ሲሆን፣ የመጀመሪያው መርሕ ቆሻሻን ማስቀረት ቆሻሻን ከማጽዳት እንደሚሻል የሚገልጽ ነው።

ምርቱ ስንት ነው? ቆሻሻውስ?

ሲንተሲስ ስንል ከቀላል ውሑዶች ተነሥቶ የተፈለገውን ሞለኪውል መገንባት ማለታችን ነው። መድኃኒት፣ ቀለም፣ ፀረ ተባይ፣ ሽቶ፣ ፕላስቲክ ሁሉ የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። ተማሪዎች በቤተ ሙከራ አንድ ሲንተሲስ ሠርተው ሲጨርሱ በመጀመሪያ የሚያሰሉት የምርቱን መቶኛ ነው። ሊገኝ ይችል ከነበረው 10 ግራም 9 ግራም ከተገኘ ውጤቱ 90 በመቶ ነው፤ መምህሩም ይደሰታል። ይህ ስሌት ግን የሚነግረን ስለ ምርቱ ብቻ ነው። ከምርቱ ጎን ስለሚወጣው ነገር ዝም ይላል።

ለምሳሌ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚገኘውን የቪቲግ አጸግብሮት እንውሰድ። ፈልሳፊው ጆርጅ ቪቲግ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ኬሚስቶች አንዱ ነው። በዚህ ዘዴ 98 ግራም ሳይክሎሄክሳኖን ከ276 ግራም የፎስፈረስ ውሑድ ጋር ብናገናኝና ሁሉም ነገር ያለ አንዳች ጉድለት ቢከናወን 96 ግራም ሜቲሊንሳይክሎሄክሴን እናገኛለን። የምርቱ መቶኛ 100 ነው። ይሁን እንጂ በብልቃጡ ውስጥ 278 ግራም ትራይፌኒልፎስፊን ኦክሳይድም አለ፤ እርሱን የፈለገው ማንም የለም። ካስገባናቸው አቶሞች በክብደት ወደ ምርቱ የገቡት 26 በመቶ ብቻ ናቸው።

ይህን ሁለተኛውን ስሌት «የአቶም ቁጠባ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቀው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ባሪ ትሮስት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የምርቱን ሞለኪውላዊ ክብደት ወደ አጸግብሮቱ ለገቡት ነገሮች ድምር ክብደት አካፍሎ በ100 ማባዛት ብቻ ነው። እርሳስና የክብደት ሠንጠረዥ ካለ ብልቃጥ ሳይነካ ሊሠራ ይችላል።

በቀጣዩ ዓመት ኬሚስቱ ሮጀር ሼልደን ሌላ መለኪያ አቀረበ። እርሱ የጠየቀው አንድ ኪሎ ግራም ምርት ለማግኘት ስንት ኪሎ ግራም ቆሻሻ ይወጣል የሚለውን ነው። አሟሚውን፣ ማጠቢያውን፣ ማድረቂያውን ሁሉ ይቆጥራል። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። በብዙ ወቀሳ ሥር የኖረው የነዳጅ ማጣሪያ ኢንዱስትሪ ለአንድ ኪሎ ምርት ከ0.1 ኪሎ ያነሰ ቆሻሻ ሲያወጣ፣ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚሠሩት የመድኃኒት አምራቾች ከ25 እስከ 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ያወጡ ነበር። እርግጥ በጠቅላላ መጠን ሲታይ የነዳጁ ይበዛል። ነገር ግን ሞለኪውሉ በረቀቀ ቁጥር አሠራሩ አባካኝ እየሆነ መሄዱ ኬሚስቶችን አሳፍሯል፤ ማሳፈሩም ጠቅሟል።

ለዚህ አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ጥሩ ምስክር ነው። ቡትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው አሠራር ስድስት ደረጃዎች ነበሩት፤ የአቶም ቁጠባው 40 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በቴክሳስ፣ ቢሾፕ ከተማ ሥራ የጀመረው አዲስ ፋብሪካ ግን ያንኑ መድኃኒት በሦስት ደረጃ፣ በ77 በመቶ የአቶም ቁጠባ ማምረት ቻለ፤ ተረፈ ምርት ሆኖ የሚወጣው አሴቲክ አሲድ ተመልሶ ጥቅም ላይ ሲውል ቁጥሩ ወደ 99 ይጠጋል። ምሥጢሩ አንድ ጊዜ ሠርተው የሚጣሉ ሪኤጀንቶችን ትቶ፣ ሥራውን ሠርተው ተመልሰው በሚገኙ ካታሊስቶች መተካቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ መሆኑን ግን መደበቅ አይገባም። ተመልሶ ይገኛል፤ ሆኖም ከቆዳ ጋር ቢነካካ አጥንት ድረስ የሚጎዳ አደገኛ ነገር ነው። «አረንጓዴ» የተባለ ሁሉ ገር አይደለም።

ቁጥር ብቻውን ሊያታልል እንደሚችል የሚያሳይ ከአዋሽ ሸለቆ ጋር የተያያዘ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ዲዲቲ የሚሠራው አንድ ሞለኪውል ክሎራልን ከሁለት ሞለኪውል ክሎሮቤንዚን ጋር በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በማዋሐድ ነው፤ በቀመሩ መሠረት የሚወጣው ተረፈ ምርት ውሃ ብቻ ነው። የአቶም ቁጠባውን ያሰላ ሰው 95 በመቶ ያገኛል፤ ከአይቡፕሮፌኑ ሦስት ደረጃዎች የሚበልጥ ቁጥር ነው። ውሑዱ እ.ኤ.አ. በ1874 ተሠራ፤ ነፍሳት ገዳይነቱን ፖል ሙለር በ1939 አገኘ፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ዲዲቲ በአፈርና በደለል ውስጥ ሳይበሰብስ ለዓመታት ይቆያል፤ በስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከዓሣ ወደ ወፍ፣ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ወተት ይተላለፋል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ፀረ ተባይ ሲረጭ በኖረበት፣ ወንዙም መውጫ በሌለው ተፋሰስ፣ ይህ ጉዳይ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ አይደለም። ከአናስታስና ከዋርነር መርሆች አንዱ ምርቱ ተግባሩን ከፈጸመ በኋላ ጉዳት ወደሌላቸው ነገሮች እንዲበሰብስ ተደርጎ ይነደፍ የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ለአዋሽ ተፋሰስ ከ12ቱ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።

የሰመራ ሙቀትና የኬሚስቱ አሟሚ

በአብዛኛው ሲንተሲስ ውስጥ ከቆሻሻው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አሟሚው ነው። አሟሚ በአጸግብሮቱ አይለወጥም፤ ተዋሐዮቹን አገናኝቶ፣ ሙቀት አከፋፍሎ፣ ሥራው ሲያበቃ ይወጣል። በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት አሠራሮች በብዛት የተዘጋጁት በቀዝቃዛ አገሮች ነው። ዳይኢቲል ኤተር በ34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ዳይክሎሮሜቴን በ40 ገደማ። ለማንቸስተር ወይም ለበርሊን ተማሪ እነዚህ ቁጥሮች አመቺ ናቸው፤ ምርቱን ሳይጎዱ አሟሚውን በቀላሉ አትንኖ ማስወገድ ያስችሉታልና።

አሁን ብልቃጡን ወደ አፋር እናምጣው። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን በሞቃት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ከፍታ ኤተር የሚፈላው በ33 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አየር ማቀዝቀዣው በቆመበት ከሰዓት በኋላ ኤተሩ እሳት ሳያይ በመደርደሪያው ላይ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎቱ ከአየር ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። በነገራችን ላይ ደጋው ከዚህ ችግር ነፃ ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ኤተር በ27 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ልዩነቱ የአዲስ አበባ ክፍል 20 ዲግሪ ሲሆን የሰመራው 40 መሆኑ ነው።

ዳይክሎሮሜቴን ባይቀጣጠልም ሌላ ጠባይ አለው፤ በካንሰር አምጪነቱ ይጠረጠራል፤ ትነቱም በተዘጋ ክፍል ሰው ገድሏል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 አብዛኛውን አጠቃቀሙን የሚከለክል ደንብ ያወጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ የአሟሚ ለውጥ በአፋር ከአካባቢ ጥበቃ በፊት የተማሪው የራሱ ሳንባ ጉዳይ ነው።

ምን ይተካቸው? ለብዙ ሥራ ኢታኖልና ኢቲል አሴቴት ይበቃሉ። ኢታኖል በ78፣ ኢቲል አሴቴት በ77 ዲግሪ ይፈላሉ፤ ሁለቱም ይቀጣጠላሉ፣ ሁለቱም ግን በተፈጥሮ በፍጥነት ይበሰብሳሉ። ኢቲል አሴቴት ራሱ ከኢታኖልና ከአሴቲክ አሲድ ሲሠራ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ የአቶም ቁጠባው 83 በመቶ ይሆናል። ይህ ለውጥ የድሃ ቤተ ሙከራ ማካካሻ እንዳይመስል አንድ የፋብሪካ ታሪክ እንጥቀስ። ፋይዘር ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ሲያመርት ዳይክሎሮሜቴንን፣ ቴትራሃይድሮፉራንን፣ ቶሉዊንንና ሄክሴንን እያፈራረቀ ይጠቀም ነበር። በኋላ ሦስት ደረጃዎችን አንድ አድርጎ አራቱንም በኢታኖል ተካቸው። ለአንድ ቶን ምርት ያስፈልግ የነበረው 60,000 ጋሎን አሟሚ ወደ 6,000 ወረደ። በተጨማሪም በዓመት 140 ቶን ያህል ታይታኒየም ቴትራክሎራይድ ሳያስፈልግ ቀረ፤ ከእርሱ ይወጣ የነበረው 440 ቶን ጠጣር ቆሻሻም ቀረ። ኩባንያው ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል።

ከአሟሚው ቀጥሎ የሚረሳው ውሃው ነው። ተማሪው ብልቃጡን ሲያፈላ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ከላይ ኮንደንሰር ይተክላል፤ በኮንደንሰሩ ዙሪያ የቧንቧ ውሃ እየገባ ይወጣል። በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ብንል፣ ለሦስት ሰዓት 270 ሊትር ንጹሕ ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። 20 ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት 5,400 ሊትር! ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህን አሠራር ሳይጠይቁ መቅዳት ያስቸግራል። በቆላማ ከተማ ቧንቧ ውሃው ራሱ ሞቅ ብሎ ስለሚመጣ ኤተርን የመሰለ አሟሚ በቅጡ አያቀዘቅዝም፤ ያን ሁሉ ፈስሶ ሥራውን አይሠራም ማለት ነው። ውሃን ከባልዲ ወስዳ ወደ ባልዲው የምትመልስ ትንሽ ፓምፕ ለአንድ ረድፍ ተማሪዎች ትበቃለች። እንደ ኢታኖል ከ70 ዲግሪ በላይ ለሚፈሉ አሟሚዎች ደግሞ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ 30 ዲግሪ ቢደርስም ብዙ አያስጨንቅም። አሟሚን የመምረጥና ውሃን የመቆጠብ ጉዳይ እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ።

ሙቀጫና ዘነዘና

ከሁሉ የሚሻለው አሟሚ ግን የሌለው አሟሚ ነው። በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የሚሰጥ አንድ ሙከራ ይህን በሚያስደስት መንገድ ያሳያል። ዳይሜቶክሲቤንዛልዲሃይድና ኢንዳኖን የተባሉት ሁለት ጠጣር ውሑዶች በእኩል ሞል ተመዝነው በቤተ ሙከራ ሙቀጫ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚቀልጡበት ባነሰ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ስለዚህ ተማሪው በዘነዘና ሲያሻቸው ሁለት ደረቅ ዱቄቶች በዓይኑ ፊት ፈሳሽ ይሆናሉ። ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮ ሲፈጭ ያ ፈሳሽ መልሶ ይጠጥራል፤ ይህ የአልዶል አጸግብሮት ውጤት ነው። የሚወጣው ተረፈ ምርት ውሃ ነው፤ የአቶም ቁጠባው 94 በመቶ። ማሞቂያ የለም፣ ኮንደንሰር የለም፣ አሟሚ የሚያስፈልገው ምርቱን በመጨረሻ ለማጥራት ብቻ ነው፤ እርሱም ኢታኖልና ውሃ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የቤንዞይን አጸግብሮት ነው። ሁለት የቤንዛልዲሃይድ ሞለኪውሎች ተዋሕደው አንድ የቤንዞይን ሞለኪውል ይሆናሉ፤ የሚባክን አቶም ስለሌለ ቁጠባው 100 በመቶ ነው። ነገር ግን በቀድሞው አሠራር ካታሊስቱ ሶዲየም ሳያናይድ ነበር፤ እጅግ ጥቂት ግራም ሰው የሚገድል መርዝ። ቁጥሩ ፍጹም፣ አሠራሩ አስፈሪ። ዛሬ ሳያናይዱን የሚተካው በፋርማሲ የምናውቀው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። በሰውነታችን ውስጥም ይኸው ቫይታሚን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሮናልድ ብሬስሎው የተባለው ኬሚስት እንዴት እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1958 አብራርቷል። ታያሚን ከ65 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በቤዙ ምክንያት ይበላሻል፤ ስለዚህ አጸግብሮቱ የሚካሄደው በለብታ ነው። በቀዝቃዛ አገር ድብልቁን በሞቀ ውሃ ማቆየት ያሻል፤ ያለዚያ ጊዜ ይወስዳል። በአዋሽ ወይም በሰመራ ግን ክፍሉ ራሱ ይህን ሥራ ያግዛል። እዚህ ላይ ሙቀቱ ወዳጅ ነው።

ሸንኮራ አገዳና ደርጊ ሐራ

አረንጓዴ ኬሚስትሪ በአገራችን ያለ ታሪክ የቆመ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍልና በእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ መካከል ለዓመታት የቆየ የጋራ ሥራ አለ። ንግሥት አስፋው ከኖቲንግሃሞቹ ፒተር ላይሰንስና ማርቲን ፖሊያኮፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ጭቁኝ ከተባለው የአገራችን ተክል መዓዛማ ዘይት የማውጣትን ሥራ በተለመደውና በንጹሕ ቴክኖሎጂ ያነጻጸረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የሁለቱ ወገን ኬሚስቶች በጋራ ሆነው ለአፍሪካ የሚስማሙ 13 መርሆችን አቀረቡ። የመርሆቹ የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲደረደሩ «ግሪነር አፍሪካ» የሚል ይወጣቸዋል። ከፀሐይ ኃይል መጠቀም፣ በአገር የሚበቅል ታዳሽ ጥሬ ዕቃ መምረጥ፣ ካታሊስትን መጠቀም ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ የመጨረሻው ሌሎች የሳቱትን አለመድገም ነው። የዚያው ክፍል ተመራማሪዎች ከስፔን ባልደረቦቻቸው ጋር ከኢትዮጵያ ካኦሊን ዜኦላይት መሥራታቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ዜኦላይት ብዙ ቆሻሻ የሚያስከትለውን አሉሚኒየም ክሎራይድ በአንዳንድ አጸግብሮቶች የሚተካ ጠጣር ካታሊስት ነውና።

«በአገር የሚበቅል» ሲባል በአዋሽ ሸለቆ መጀመሪያ የሚታየው ሸንኮራ አገዳ ነው። ወንጂ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር ያመርታል፤ ከአዋሽ ከተማ ብዙ የማይርቀው መተሐራ ተከተለ፤ በአፋር ምድር ደግሞ በከሰምና በተንዳሆ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ በመተሐራ ኢታኖል ይመረት ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ2008 አንስቶም በአዲስ አበባ በ5 በመቶ መጠን ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ኬሚስት ሆነን ስናስበው ግን፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው ከጅቡቲ በዚያው መንገድ የሚመጡትን አሟሚዎች ሊተካ የሚችል ነገርን ሞተር ውስጥ ማቃጠል ጥቂት ያሳዝናል።

ነገሩ ሌላ ገጽም አለው። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲነጠር ከ10 እስከ 15 ሊትር ቪናስ የተባለ ጥቁር ፍሳሽ ይቀራል። ቪናስ በራሱ መርዝ አይደለም፤ በኦርጋኒክ ነገርና በፖታሲየም የበለጸገ ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል። በአግባቡ ከተያዘ ባዮጋዝ ይወጣዋል፤ ተመጥኖም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ «ኢታኖላችን አረንጓዴ ነው» የሚል ሰው ቪናሱ የት እንደሚሄድ ሊጠየቅ ይገባል።

ከአገዳው የሚቀረው ባጋስ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚገርም ሀብት ይዟል። ባጋስ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና የጠንካራ ዛፎች እንጨት አምስት ካርቦን ባላቸው ስኳሮች ሰንሰለት የበለጸጉ ናቸው። በአሲድና በእንፋሎት ሲታከሙ ሰንሰለቱ ይበጣጠስና ዛይሎስ ይሆናል፤ ዛይሎስ ሦስት ሞለኪውል ውሃ ሲያጣ ፉርፉራል ይሰጣል። 150 ግራም ዛይሎስ 96 ግራም ፉርፉራል ይሆናል፤ ቁጠባው 64 በመቶ ብቻ ነው፤ የጠፋው 54 ግራም ግን ውሃ ነው። ከላይ ካየነው ዲዲቲ ጋር ያነጻጽሩት። ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፉርፉራልን ከአጃ ገለባ ማምረት ጀመረ፤ በደቡብ አፍሪካና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደግሞ ከባጋስ ይመረታል። ከፉርፉራል በሃይድሮጅን አማካይነት ሜቲልቴትራሃይድሮፉራን የተባለ አሟሚ ይሠራል። ይህ አሟሚ በ80 ዲግሪ ይፈላል፤ ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ በቀላሉ ይለያል፤ ግሪኛርድን በመሰሉ ኤተር ግድ በሚሉ አጸግብሮቶችም ያገለግላል። ለሰመራ ሙቀት የሚስማማ «ኤተር» ቢኖር ይህ ነው፤ በተንዳሆ አካባቢ ከሚበቅል ነገር ሊሠራ መቻሉ ደግሞ ይበልጥ ያጓጓል።

አፋር የማይፈለግ ሌላ ጥሬ ዕቃም አላት። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ በአካባቢው አጠራር ደርጊ ሐራ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሆን ተብሎ ገብቶ የአዋሽን ዳርና የግጦሹን ሜዳ የወረረ እሾሃማ ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን ይበትናል። እስካሁን በስፋት ያገለገለው ለከሰል ነው። ከሰል ስናከስል ግን እነዚያ አምስት ካርቦን ያላቸው ስኳሮች ሁሉ ጭስ ሆነው ይሄዳሉ። እንጨቱ መጀመሪያ ፉርፉራል ቢወጣለት ቀሪው ሊግኒንና ሴሉሎስ አሁንም ይነድዳል። እርግጥ ፋብሪካው ብዙ እንፋሎት ይፈልጋል፤ አሲዱም ተገልሎ መያዝ አለበት፤ ፉርፉራል ራሱም ቢተነፍሱት ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛፉ ገንዘብ ካመጣ አጥፍቶ መጨረስን የሚፈልግ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ለኬሚስት ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም፤ የግጦሽ መሬቱ ባለቤቶች ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

ጭስ የሌለው ፋብሪካ

እ.ኤ.አ. በ1912 ጃኮሞ ቻሚቻን የተባለ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት በኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር አንድ ሕልም አቀረበ። የድንጋይ ከሰል ዘመን ሲያበቃ በበረሃማ አገሮች ጭስና ጭስ ማውጫ የሌላቸው የኬሚካል ፋብሪካዎች ይቆማሉ፤ በሜዳው የመስተዋት ቧንቧዎች ይዘረጋሉ፤ አጸግብሮቱን የምታካሂደው ፀሐይ ትሆናለች የሚል ነው። ሰውዬው ሕልም ብቻ አልነበረውም፤ ከባልደረባው ከፓውል ዚልበር ጋር በቦሎኛ ጣሪያ ላይ ብልቃጦች ደርድሮ ለዓመታት ሠርቷል። ቧንቧዎቹ የተዘረጉበትን ሜዳ ሲያልም ስለ አፋር አላሰበ ይሆናል፤ መግለጫው ግን ይገጥማታል።

ከሁለቱ ሙከራዎች አንዱ ዛሬም በተማሪ ቤተ ሙከራ ይሠራል። ቤንዞፌኖን በአይሶፕሮፓኖል ይሟሟል፤ አንዲት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። ጠብታዋ ከመስተዋቱ የሚወጣውን ቤዝ ለማርከስ ናት፤ ያለዚያ ቤዙ ምርቱን መልሶ ይሰባብረዋል። ኦክስጅን ሥራውን ስለሚያደናቅፍ ጠርሙሱ ለፈሳሹ መስፊያ ጥቂት ቦታ ብቻ ተትቶለት ይሞላና ተከድኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቤንዞፌኖኑ ብርሃኑን ሲውጥ ከአልኮሉ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ከዚያም ሁለት ሁለት እየሆነ ቤንዞፒናኮል ይሆናል። ይህ ምርት በአይሶፕሮፓኖል እምብዛም ስለማይሟሟ ነጭ ክሪስታል ሆኖ ከጠርሙሱ ታች ይዘቅጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓይን ይታያል። የአቶም ቁጠባው 86 በመቶ ሲሆን ተረፈ ምርቱ አሴቶን ነው።

ክሪስታሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የቀረውን አልኮል መድፋት አያስፈልግም። አዲስ ቤንዞፌኖን ተጨምሮበት ያው ጠርሙስ ለሚቀጥለው ዙር ወደ ፀሐይ ይመለሳል። በጠርሙሱ ላይ ግን ይዘቱንና የተጀመረበትን ቀን መጻፍ ያሻል፤ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ንጹሕ ፈሳሽ ውሃ መስሎት የሚያነሣው አይጠፋምና።